ደሴቱ ላይ ቀድማኝ የደረሰችው

ለማመን ቢከብዳችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው «ቀባጠረች» ብዬ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል... ያውም በጨለማ አይደለም። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከታላቅ እህቴ ጋር በተከራየነው ቤት ሳሎን ውስጥ።

እኔ ስልክ ማውራት አልችልም። ዓይን አፋር ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እኔን መስላ የምትደውልልኝ እህቴ ናት። ለሐኪሙም፣ ለአስተማሪዎቼም፣ ለአከራያችንም። ድምፃችን ቁርጥ አንድ ነው፤ እናታችን እንኳ አትለየንም።

ለእረፍት የእሳተ ገሞራውን ደሴት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጭስ የማይለየው ተራራ፣ ጥቁር አሸዋ፣ ከተራራው ግርጌ አንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ። በረራችን በማግስቱ ጠዋት ነበር። ሻንጣችንን ሸክፈን ጨርሰናል።

የቀረው ማረፊያዋ ጋ ደውሎ ማረጋገጥ ብቻ ነው።

«ዛሬ እኔው ልደውል» አልኳት።

እህቴ ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«አንቺ? ሱቅ ገብተሽ ውሃ ስጡኝ ለማለት የምትንቀጠቀጪው? አፍሽን ማን ፈታው ባክሽ?»

«እትዬ፣ ተይኝ። አንድ ቀን እንኳ...»

«ደውይ እንጂ! ማን ያዘሽ? ስትንተባተቢ ግን ወደ እኔ እንዳታዪ።»

የማረፊያው ባለቤት ቶሎ አነሱት።

«ማን ልበል?»

ስሜን ነገርኳቸው። ነገ እንደምንመጣ፣ ሁለት አልጋ እንደያዝን...

ሴትዮዋ ስሜን ደገሙት።

ከድምፃቸው ኋላ ድስት ሲንፈቀፈቅ የመሰለ ድምፅ ይሰማኛል።

«አንቺ እህቷ ነሽ» አሉኝ።

«አይ... እኔ ራሴ ነኝ።»

«ልጅቷ ዛሬ ጠዋት ገብታለች። በረንዳ ላይ ተቀምጣ ተራራውን እያየች ነው። ‹እህቴ ድምፄን አስመስላ ትደውላለች፣ እንዳያምኗት› ብላኛለች። ትንሽ አታፍሪም?»

«እኔ ነኝ እኮ!» አልኩ።

«እንኪ፣ ራሷን አናግሪያት!»

ስልኩ እጅ ቀየረ።

«አቤት» አለች።

የኔ ድምፅ። ግን የማይንቀጠቀጥ... የማያፍር።

«ስልኩን ለእትዬ ስጪያት።»

እምቢ ማለት ፈለግኩ። ድምፁ ግን ለእህቴም ተሰምቷታል። እህቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

አዳመጠች... አዳመጠች...

ፊቷ ቀስ እያለ ለሰለሰ። ለእኔ እንዲያ ለስልሶ አያውቅም።

«አይዞሽ የኔ እናት» አለች በሹክሹክታ። «አዎ... አጠገቤ ቆማለች... አላናግራትም... እመጣለሁ።»

ዘጋችው። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«አንቺ ማነሽ?»

«እትዬ... ቀልዱን ተይ።»

«እትዬ አትበይኝ!»

ዓይኗን ሳትነቅልብኝ ወደ በሩ አፈገፈገች። ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች።

እስከ ደረጃው ተከተልኳት። «አትሂጂ!» ልል አፌን ከፈትኩ።

ድምፅ አልወጣም። ትንፋሽ ብቻ... የተለኮሰ ክብሪት የሚሸት ትንፋሽ።

ከዚያ ወዲህ ድምፄ አልተመለሰም። የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው። ማረፊያው ጋ ስደውል ሴትዮዋ ትንፋሼን ሰምተው ይዘጉብኛል። ለእናቴ «እኔ እቤት ነኝ፣ እህቴን መልሺልኝ» ብዬ በስልክ ጻፍኩላት።

ወዲያው መለሰች።

«ምን ሆነሻል? አሁን አይደል ያወራነው? እህትሽም አጠገብሽ ሆና ሰላም ብላኛለች።»

ዛሬ ከእህቴ ስልክ ፎቶ መጣልኝ። እህቴ ጭስ የሚተፋው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆማ ትስቃለች። ክንዷን ትከሻዋ ላይ የጣለችባት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታለች። ሹሩባዋ የእኔ ነው። ሰማያዊ ሹራቧም የእኔ ነው... ጠዋት አጥቤ በረንዳችን ላይ ያሰጣሁት።

ሮጬ ወጣሁ።

ሹራቡ እዚያው ተሰቅሏል። ውሃው ገና ይንጠባጠባል።

እጄን ኪሱ ውስጥ ከተትኩ።

አመድ... ደረቅ አመድ። ገና ትኩስ ነው።