ጊዜ ያለፈበት ዛላ

ወጣቱ ተመራማሪ ሰውነት ሞቶ የተገኘው ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የስንዴ ምርምር ጣቢያ፣ ከውኃ ታንከሩ ሥር፣ ማጅራቱ ከሲሚንቶው ጠርዝ ተጋጭቶ ነው። ያገኘው ከቅዳሴ የተመለሰው ኃላፊው ዶክተር ወልደ ገብርኤል ነበር። ዋና ሳጅን አንሙት ተጠራ፤ ለሹመት ሲሆን የሚረሳ፣ ለሬሳ ሲሆን የሚፈለግ ሰው።

አንሙት ጎንበስ አለ። የሟቹ ኮሌታ ተቀዷል። ዝም ብሎ የወደቀ ሰው ኮሌታውን አይቀድም። ከታንከሩ ጀርባ ዘግይቶ የተዘራ ስንዴ አለ፤ መግቢያው በዚያው በሬሳው በኩል ብቻ ነው። ጠሉ አልረገፈም፤ ዛሬ ማንም አልገባበትም።

የሟቹ እጮኛ ጤናዬ ላቦራቶሪው ውስጥ ታለቅሳለች።

«ልጄ፣ ሥራችሁ ምንድን ነው?»

«ስንዴን ከዱር ዘመዱ ማዳቀል። የዱሩን ዋግ የሚሉት በሽታ አይነካውም። ስንዴ ግን ዘበኛ የሆነ ጂን አለው፤ ክሮሞሶሞቹ ከአምሳያቸው በቀር ከዘመድ እንዳይጣመሩ ይከለክላል።»

«እንደኛ ሽማግሌዎች በይኛ! ሰባት ቤት ይቆጥራል።»

ለቅሶዋ ባሰባት።

«በማን ቆጠሩብሽ?»

«አብሮን በሚሠራው በታረቀ፤ ልንጋባ ነበር። አምስተኛ ቤት ሆንን። ዝምድናውን ለሽማግሌዎቹ የነገራቸው ሰውነት ነው። ኋላ ለእኔ ራሱ ሽማግሌ ላከ።»

«የክሮሞሶሞቹን ጥምረትስ እንዴት ታዩታላችሁ?»

«ዛላው ገና በቅጠሉ ሆድ ሳለ ማለዳ ይቆረጣል። ወጥቶ ቢጫ አበባ ካንጠለጠለ ጊዜው አልፎበታል።»

ታረቀ፣ የሰውነት የሥራ ጓደኛ፣ ጠርሙስ ይዞ ጠበቀው።

«ከጎህ ጀምሮ ለምርመራ ዛላ ስቆርጥ ነበር፤ ይኸው። ታንከሩ ዘንድ አልደረስኩም።»

አንሙት ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው። ከዚያ ሁሉንም ላቦራቶሪው ውስጥ ሰበሰበ።

«ዶክተር፣ ዛሬ በቅጠሉ ሆድ ያለ ዛላ የት ይገኛል?»

«ከታንከሩ ጀርባ ብቻ። ሌላው አብቧል።»

«የታረቀ ጠርሙስ ያበበ ነው። ሙያው ጠፍቶት? አይደለም። ትክክለኛውን ለመቁረጥ በሬሳው አጠገብ ማለፍ ነበረበት። ኮሌታውን ይዞ ከገፋው በኋላ የጓደኛውን ፊት ዳግመኛ ማየት አቃተው። ከመንገድ ዳር ያገኘውን ሞላበት።»

«ግምት ነው» አለ ታረቀ።

«እንግዲያው ና፣ ታንከሩ ዘንድ አብረን እንሂድ።»

ታረቀ እስከ በሩ ሄዶ ቆመ። ጤናዬን አያት።

«ልገድለው አልነበረም። ለምን እንደቆጠረብኝ ብጠይቀው ሳቀብኝ። ለስንዴው ዘበኛውን አነሣንለት፤ ለእኔ ማን ያንሣልኝ?»

እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አንሙት ካቴናውን ሲያስር አላጠበቀም። ቂም ይዞ ማደር እንዴት እንደሚከብድ ያውቀዋል፤ ምስጋናውን አለቃው እንደሚወስደውም ያውቃል።

ከታንከሩ ጀርባ ያለው ስንዴ በዚያው ሳምንት ከቅጠሉ ሆድ ወጣ። ቆራጭ አጥቶ አበበ።