የመዝገቡ አሥራ ሁለተኛ መስመር

መርማሪዋ ስትደርስ የሟቿ አልጋ ገና አልተነጠፈም። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ጠዋት ደም እየፈሰሳት ገብታ፣ ደም በተሰጣት በግማሽ ሰዓት ውስጥ አረፈች። የተሰጣት የኤ ዓይነት ደም ነው። ለምርመራ ከተቀዳው የእሷ ደም ብልቃጥ ውስጥ የተረፈው ዳግም ሲመረመር ግን ኦ ሆነ።

የላቦራቶሪ ቴክኒሻኗ ማንም ሳይጠይቃት «እኔ ነኝ፤ ፊርማው የኔ ነው» ብላለች። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ግን ሳይለፉበት የተገኘ እውነት አይዋጥላትም። ከነርሷ ጀመረች።

«ደሙን የቀዳሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ስሟን ሁለቴ ጠይቄ፣ እዚያው አጠገቧ ብልቃጡ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ዶክተር ብልቃጡንም ፋይሏንም ይዘው ላቦራቶሪ ወረዱ።»

ዶክተሩ የደም ሐኪም ናቸው። ሐኪሞች ላቦራቶሪ፣ የላቦራቶሪ ሰዎች ደግሞ ዋርድ እየገቡ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚማርበት ሥልጠና ተጀምሮ፣ እሳቸው ሁለተኛ ሳምንታቸው ነው።

«ምርመራው ሲሠራ የት ነበሩ?»

«ከቴክኒሻኗ ጎን ቆሜ አይ ነበር።»

«ከሚሰጣት ደም ጋር ማዛመጃው ምርመራ ለምን ተዘለለ?»

«እየፈሰሳት እኮ ነው! ጊዜ የለም ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ መዝገቡን ገለጠች። የሟቿ ስም ባለበት አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ፣ የደም ዓይነት በሚለዩት በሁለቱም ጠብታዎች ሥር «አልጓጎለም» ይላል። በውጤቱ ዓምድ ግን «ኤ»።

«የታካሚ ፋይል እዚህ ይመጣል?» አለቻት ቴክኒሻኗን።

«ኧረ በጭራሽ! ከዋርድ አይወጣም።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጠባቧ ላቦራቶሪ ውስጥ ተሰበሰቡ። የሟቿ ባል በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ብልቃጡ ትክክል ነው፤ አሁንም ኦ ይላል» አለች መርማሪዋ። «ምርመራውም ትክክል ነው፤ ሁለቱም ጠብታ ካልጓጎለ ደሙ ኦ ነው። ታዲያ ኤ ከየት መጣ? ፋይሏን አየሁት። የሞክሼዋ የድሮ ውጤት በስህተት ገብቶበት ኤ ይላል። ቴክኒሻኗ ፋይሉን አላየችም። ይዘውት የወረዱት እርስዎ ነዎት ዶክተር። ጠብታዎቹን ያነበቡትም፣ መዝገቡ ላይ የጻፉትም እርስዎ ነዎት።»

ዶክተሩ አቀረቀሩ። «ኦ መሆኑን አይቻለሁ። ፋይሉ ኤ ሲል የተሳሳትኩት እኔ መሰለኝ። ሃያ ዓመት ሐኪም ሆኜ ሁለት ጠብታ ማንበብ አቃተኝ ብዬ እሷን መጠየቅ … አፈርኩ።»

«እኔም ሳላይ ፈረምኩ» አለች ቴክኒሻኗ እንባዋ እየወረደ። «የዶክተርን ሥራ መፈተሽ ድፍረት መሰለኝ። በኋላስ እሳቸው ናቸው ብል ማን ያምነኛል?»

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሥልጠናው ከዛሬ ጀምሮ ቆሟል።»

መርማሪዋ አፏን ከፈተች። እነዚህን ሰዎች ሊያቀራርብ ይችል የነበረው ሥልጠናው ብቻ እንደነበር ልትነግራቸው ፈልጋ፣ ፊታቸውን አይታ ተወችው።

«ለልጆቹ ምን ልበላቸው?» አለ ባልየው። «እናታችሁን ተፋፍረው ገደሏት ልበል?»

የሚስቱን ጫማ በፌስታል ይዞ ወጣ።