ያላጨስኩትን ሲጋራ ያስተወችኝ ሲስተር

በሕይወቴ አንዲት ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። እውነቴን ነው! ሰፈር ውስጥ «ቀዳጁ» እያሉ የሚጠሩኝ ሰዎች ይህን ሲያነቡ እንደሚስቁ አውቃለሁ። ይሳቁ። የጭነት መኪና ጎማ በአፌ ነፍቼ ሞላሁ ያልኩ ቀን አፋቸውን ከፍተው አመኑኝ፤ እውነት የተናገርኩ ቀን ግን ሳቁብኝ። እሷም እንደነሱ ነበረች... ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ሐሙስ ረፋድ ነው፤ ጥቂት ጎማ ነፍቼ ከሥራ ነው የመጣሁት። ጤና ጣቢያ፣ ክፍል ቁጥር ዘጠኝ። በሩ ላይ «ሲጋራ ለማቆም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በሩን ገፋሁት፤ እንቢ አለኝ። በትከሻዬ ገፋሁት። ትንሽ ወደ ኋላ ሄጄ ተንደርድሬ ገፋሁት።

«ይሳባል!» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ።

ሳብኩት። ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ እስክሪብቶ ፀጉሯ ላይ ሰክታ፣ በዓይኗ ከእግር እስከ ራሴ ለካችኝ።

«ተቀመጥ። ስንት ዓመት አጨስክ?»

«እናቴ ሆድ ውስጥ ነው የጀመርኩት ሲስተር።»

«በቀን ስንት?»

«አርባ። ነፋስ ካለ ሠላሳ ስምንት።»

«ነፋሱ ምን ያደርጋል?»

«ሁለቷን እሱ ያጨስልኛል።»

እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች። አንዱ ጉንጯ ግን ከዳት፤ ስርጉድ አለ። እኔም እዚያች ስርጉድ ውስጥ ወደቅኩ። እስከ ዛሬም አልወጣሁም።

ለምን እንደዋሸሁ ልንገራችሁ፤ በኋላ ትፈርዱብኛላችሁ። አባቴ ጎሚስታ ነው፤ እኔም ጎሚስታ ነኝ። አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ አብረን ጎማ እንነፋለን፣ እንጠግናለን። እሱ አርባ ዓመት ሙሉ አጭሷል። የጤና መድኑ ሲጋራ ለማቆም የሚደረገውን ሕክምና መሸፈን እንደጀመረ ሰሞን፣ ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዱ እሱ ነበር። አሥራ ሁለት ሳምንት ምክር፣ አሥራ ሁለት ሳምንት ደግሞ ክንድ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር፤ ሁሉም በመድን ካርዱ። አራተኛው ሳምንት ላይ እናቴ ሞተች። አባቴ ከቀብር ሲመለስ ጣቶቹ መሀል ሲጋራ ነበር። ማን ደፍሮ «ጣለው» ይበለው? እኔም አላልኩትም። ወደ ሕክምናውም ሳይመለስ ቀረ።

ዘንድሮ ዶክተሩ የደረቱን ፎቶ ወደ መስኮቱ ዘርግቶ ረጅም ጊዜ አየው።

«አባባ፣ ዛሬ ካቆሙ ሳንባዎ ይተርፍልዎታል» አለው። «አንድ ዓመት ከጨመሩ ግን እኔም አልመልሰውም።»

በማግስቱ የሕክምናውን መመዝገቢያ ፎርም አመጣሁ። ትምህርት ቤትና እኔ በስድስተኛ ክፍል ተለያይተናል፤ ማን ማንን እንዳባረረ እስካሁን አልተስማማንም። ቢሆንም ማንበብ አያቅተኝም። «ሽፋኑ ለአንድ ሰው አንድ ዙር ነው» ይላል። አንብቤ አጠፍኩት። አባቴ ዙሩን አቃጥሏል። የእኔ ካርድ ግን አለ... ንጹሕ፣ ያልተነካ! በእኔ ካርድ ፕላስተሩን ልቀበል፣ እሱ ክንድ ላይ ልለጥፍ። በቃ፣ ይኸው ነው ወንጀሌ።

አሁን ወደ ክፍል ዘጠኝ እንመለስ።

«አጫሽ መሆንህን ማሽኑ ያረጋግጣል» አለችና አንዲት ትንሽ የትንፋሽ መለኪያ አወጣች። «ጭስ ደም ውስጥ የሚተወውን ጋዝ ትለካለች። የማያጨስ ሰው ከስድስት በታች ነው።»

ደነገጥኩ። አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

«ሲስተር፣ እኔ እኮ የጭነት መኪና ጎማ በአፌ የሞላሁ ሰው ነኝ። ትፈነዳብሻለች።»

«እንግዲያው በቀስታ ንፋ።»

ነፋሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አሥራ ዘጠኝ!» አለች። «አቤት... ራስህንም ያምሃል አይደል?»

«ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ» አልኩ። ያን ቀን ከአፌ የወጣች ብቸኛ እውነት እሷ ነበረች።

እኔ ዋሸሁ እሺ፤ ማሽኗ ምን ነክቷት ዋሸች? አልጠየቅኳትም። ለቀዳጅ የሚመሰክር ማሽን ሲገኝ ማን ይጠይቃል?

እንዲህ ተጀመረ። አባቴን «ሁለተኛ ዙር ተፈቀደልህ» ብዬ ፕላስተሩን ለጠፍኩለት። ከዚያ በየማለዳው ሥራ ስንከፍት አጠገቡ ተቀምጬ የሚለውን ሁሉ እሰማለሁ፤ ሐሙስ ሲደርስ የእኔ አስመስዬ ለሲስተር እነግራታለሁ። ካለበለዚያ ምን ልበላት? ሲጋራ የመተውን ሕመም በምን አውቀዋለሁ!

«ጠዋት ስነሳ እጄ ኪሴ ይገባል» አልኳት አንድ ሐሙስ። «ኪሴ ባዶ ሲሆን... እሷ የሄደችበት ቀን እንደገና ይነጋል።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ማን ናት እሷ?»

«እናቴ።»

ቃሉ የአባቴ ነበር። «እናቴ» ያልኩት ግን ከራሴ ነው። ሲስተር መሳቢያዋን ከፍታ አንድ እፍኝ ከረሜላ አወጣች።

«ሲያምርህ ይህን ምጠጥ» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አራት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ እንዳንተ የነገረኝ ሰው የለም።»

ፕላስተሩን ለአባቴ፣ ከረሜላውን ለራሴ ተካፈልን። ግን አልበላሁትም። የመፍቻ ሣጥኔ ውስጥ ደርድሬ አስቀመጥኩት። ደንበኛ ሲመጣ ብሎን ፍለጋ እጄን እሰድና ከረሜላ ይዤ እወጣለሁ። አባቴ ያየኛል፤ ወደ ጎማው ይመለሳል።

እሷም ትለወጥ ጀመር። ለሰው ሁሉ አሥር ደቂቃ፣ ለእኔ ግማሽ ሰዓት። አንድ ሐሙስ ዘግይቼ ብደርስ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«የምትቀር መስሎኝ...» አለችና አቀረቀረች። «ማለቴ፣ ለሕክምናው።»

«ለሕክምናውማ ሞቼም እመጣለሁ!»

አንድ ነገር ብቻ አልስተካከል አለ። አባቴ ከለጠፈበት ቀን ጀምሮ አንዲት አልነካም፤ ሳሉም ቀለለ። የእኔ ቁጥር ግን አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። አሥራ ዘጠኝ። ሳምንት በሳምንት የሲስተር ፊት እየጨለመ መጣ።

«ደብቀህ ታጨሳለህ» አለችኝ በአምስተኛው። «ለእኔ አትንገረኝ፤ ለራስህ ግን እዘን። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ቁጥሩ ካልወረደ ካርዱ ይዘጋል። ደንብ ነው።»

ካርዱ ተዘጋ ማለት የአባቴ ፕላስተር ቀረ ማለት ነው። ፕላስተሩ ቀረ ማለት... ዶክተሩ ያለውን ታስታውሳላችሁ።

ስድስተኛው ሐሙስ መጣ። ነፋሁ። ሃያ አንድ።

መለኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ሲስተር» አልኩ። «እኔ አላጨስም።»

«ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው።»

«አጭሼም አላውቅም!»

«አርባ በቀን፣ ከእናትህ ሆድ ጀምሮስ?»

«ቀደዳ ነበር።»

«ማሽኗም ቀደደች?»

ሁሉንም አፈረጥኩት። የአባቴን ሳንባ፣ የተቃጠለውን ዙር፣ ፕላስተሩን፣ በየማለዳው የምሰበስበውን ቃል።

«ታዲያ ስድስት ሳምንት ሙሉ ያዋራኝ ማነው?» አለች ቀስ ብላ። «አንተ ነህ ወይስ አባትህ?»

«ቃሉ የእሱ ነው። ልቡ... የእኔ ነው።»

«ውጣ።»

«ሲስተር፣ የአባቴ ነገር እንኳ...»

«ውጣ አልኩህ!»

ተነሥቼ በሩን ሳብኩት። አልከፈት አለ።

«ይገፋል» አለች፣ ድምጿ ተሰብሮ።

ለአባቴ ስነግረው ጎማ እየፈታ ነበር። ቆጣ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። መፍቻውን ቁጭ አድርጎ ክንዱ ላይ ያለውን ፕላስተር ዳሰሰ።

«እኔን ብለህ ራስህን አጫሽ አሰኘህ?»

«አዎ አባዬ።»

«ለእኔ ብቻ ነው እንዴ ሣጥኑ ውስጥ ከረሜላ የምትደረድረው?»

ሣጥኑን ዘግቼ ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ነበር። በሩን ገርበብ አድርገን፣ ጎማ የሚነፋውን ኮምፕረሰር አስነሥተን እየሠራን ሳለ፣ ሲስተር ካርዴ ላይ ባለው አድራሻ ጠይቃ ጥላዋን እያራገፈች ገባች። ቦርሳዋ ውስጥ መለኪያዋ አለች።

«ባለ አርባው ሲጋራ የቱ ናቸው?»

አባቴ እጁን ጠራርጎ ተነሣ። «እኔ ነኝ ልጄ። ከተውኩ ስድስት ሳምንቴ ነው።»

«እስቲ ይንፉልኝ አባባ።»

ነፋ። ሃያ ሁለት። የአባቴ ፊት አመድ መሰለ።

«ልጄን ይንሣኝ አልነካሁም!» አለ።

«እንግዲህ ወይ ሁለታችሁም ትዋሹኛላችሁ...» አለችና የጎማ ክምር ላይ ቁጭ አለች። «ማን እንደሚያጨስ እዚሁ ሆኜ አያለሁ። ሥሩ።»

ሠራን። ለእሷ ስል ጎማ በትርዒት ፈታሁ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። ማንም አላጨሰም። ሲስተር ግንባሯን ታሽ ጀመር።

«ራሴን... አመመኝ» አለች። ድንገት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። መለኪያዋን አውጥታ ራሷ ነፋች። «አሥራ ሁለት! ከቤት ስወጣ እኮ አንድ ነበርኩ!»

«ሲስተር፣ ታጨሻለሽ እንዴ?»

«ዝም በልና ያንን ሞተር አጥፋው! በሩን ክፈቱ! ውጡ!»

ዝናቡ ውስጥ ወጣን። ቤቱ እስኪናፈስ ቆይታ ተመለሰች፤ የኮምፕረሰሩን የቤንዚን ሞተር ዞራ አየች፣ ጭስ ማውጫውን በጣቷ ተከትላ ከጎማዎቹ ጀርባ ደረሰች።

«ይህን ቱቦ ወደ ውስጥ ያዞረው ማነው?»

አባቴ ወደ እኔ ጠቆመ። እኔ ወደ ቱቦው ጠቆምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታችን ያለችው ልብስ ሰፊ የሙሽራ ቀሚስ ውጭ ስትሰቅል ጥላሸት እየነካብኝ ነው ብላ ጮኸች። እኔም ብልጡ ቱቦውን ቆርጬ ወደ ቤት ውስጥ አዞርኩት። ጭሱ በበር ይወጣል ብዬ!

«ማሽኗ አልዋሸችም» አለች። «ሲጋራ የሚተወው ጋዝ ከሞተርም ይወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። አንድ ቀን በሩን ዘግታችሁ ብትሠሩ እዚሁ እንደተቀመጣችሁ...»

አልጨረሰችውም። አለቀሰች።

«ሞኝ!» አለችኝ፤ ደረቴን በጡጫ መታችኝ። «ሞኝ... ብትሞትስ? ምን ይውጠኝ ነበር?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና የመኪና ማንሻውን ክሪክ ይዞ ወደ ጎረቤት ሄደ። ክሪክ ለልብስ ሰፊ ምን እንደሚሠራላት እስካሁን አልነገረኝም።

«ቆይ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ለምን በራሳቸው ካርድ አልተመዘገቡም?»

«ሽፋኑ አንድ ዙር ነው ይላላ!»

«ጀርባውን አላነበብክም?»

«ጀርባ አለው እንዴ?»

ከቦርሳዋ ፎርሙን አውጥታ ገለበጠችው። አነበበችልኝ። «በሐዘን ወይም በሕመም ምክንያት ሕክምናውን ያቋረጠ ሰው፣ የባለሙያ ደብዳቤ ሲያቀርብ ሌላ ዙር ይሸፈንለታል።»

ዝናቡ ሲወርድ ይሰማኛል። አርባ ሲጋራ፣ ስድስት ሳምንት ቀደዳ... አንዲት ወረቀት ብገለብጥ ኖሮ!

«ብገለብጠው ኖሮ ግን» አልኳት፣ «አንቺን አላገኝሽም ነበር።»

«ቱቦውንም አናገኘውም ነበር» አለች። ጉንጯ ስርጉድ አለ።

ሰኞ ዕለት ይዛኝ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ዘንድ ገባች። አንዲት ሳልጨምር ተናገርኩ። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ እንደገና አደረገ።

«ዙርህ ተሰርዟል» አለኝ። «ሲጋራ ብትጀምር አይሸፈንልህም።»

«እሺ ጌታዬ፣ አልጀምርም።»

«ቅጣትህ ደግሞ፦ አሥራ ሁለት ሐሙስ ኮሪደሩ ላይ ቆመህ ለሚመጣው ሁሉ የፎርሙን ጀርባ ጮክ ብለህ ታነባለህ። አንዲት ቃል ሳትጨምር!»

የመጨረሻዋ ናት የገደለችኝ። ቢሆንም አነበብኩ። ዙራቸውን ያቃጠሉ የሚመስላቸው ስንት ሰዎች ነበሩ መሰላችሁ! አንዷ ሥጋ ሻጭ ተስፋ ቆርጣ ልትሄድ ስትል እኔን ሰምታ ከደጅ ተመለሰች። አባቴም በሲስተር ደብዳቤ፣ በራሱ ካርድ፣ በራሱ ቃል አሥራ ሁለቱን ሳምንት ጀመረ። ቱቦው ወደ ሰማይ ቆሟል፤ ለልብስ ሰፊዋም ቀሚስ መስቀያ በወዲያኛው በኩል ሠርተንላታል።

የመጨረሻው ሐሙስ ኮሪደሩ ሞልቶ ነበር። አባቴ በሰው ፊት ካልነፋሁ አለ። ነፋ።

«አንድ!» ብላ ጮኸች ሲስተር።

ኮሪደሩ በጭብጨባ ተናወጠ! ዶክተሩ አዲሱን የደረት ፎቶ ይዞ ከክፍሉ ወጣ።

«አባባ፣ ሳንባዎ ተርፏል» አለው።

አባቴ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ የእናቴን ስም በልቡ ጠራ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

እኔ ግን ሥራ ነበረኝ። አንድ ፎርም ለሲስተር ዘረጋሁላት። ከፊት ገጹ ላይ «በቀን የሚያጨሰው፦ ምንም» ብዬ ሞልቻለሁ።

«ይህ ደግሞ ምንድነው? ቅጣትህ እኮ አለቀ።»

«ጀርባውን አንብቢው።»

ገለበጠችው። በዚያ በስድስተኛ ክፍል ጽሑፌ እንዲህ የሚል አለ፦ «ይሄኛው ቀደዳ አይደለም። ታገቢኛለሽ?»

ከንፈሯን ነከሰች። ጉንጯ ከዳት። እስክሪብቶዋን ከፀጉሯ ነቅላ፣ ከሥሩ ጻፈችና ማኅተሟን መታችበት።

«ተሸፍኗል። ዙሩ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እንዳታቃጥለው!»