ዛኹት ወዴት ነው?

አክስት ቦዤና ድልድዩ መሀል ቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ዛሬ ማታ ፀሐይ ትጠልቃለች» ሲሉ አስታወቁ።

ማንም አልተቃወመም። የጃጎዳ አባት እንዲያውም ኮፍያውን አወለቀ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ከፖላንድ ፕራግ ከገቡ ጀምሮ ሰማዩ እንደ ድስት ተከድኖ ከርሟል። ቤተ መንግሥቱን በዝናብ፣ የአደባባዩን ሰዓት በጃንጥላ ሥር ነው ያዩት። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ደመናውም ገለጥ ብሏል። አክስት ቦዤና ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሐውልትና ቤተ ክርስቲያን የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፀሐይ ከተማዋ ላይ ስትጠልቅ ከኮረብታው ሆኖ ማየት።

«በይ እንግዲህ የኔ አስተርጓሚ፣ ጠይቂልን» አሏት ጃጎዳን።

የብርዱን ወራት ሁሉ ቼክኛ ስማር ነበር ያለችው እሷ ናት። የዘንድሮው ዕረፍት ከአክስቷ ጓሮ እንጆሪ ለቀማ ወደ ፕራግ የተዛወረው በዚሁ ወሬ ነው። አባቷም፣ «ካላሳፈርሽኝ የሚመጣውንም ዓመት አንቺ ትመርጫለሽ» ብሏታል። እውነቱን ለመናገር፣ ስልኳ ላይ ያለውን ትምህርት ገና ሰላምታው ላይ ነው የተወችው። ቼክኛና ፖላንድኛ እንደሆኑ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ፖላንድኛውን ትንሽ እያዜሙ ቢናገሩት ማን ያውቃል? እስካሁን ማንም አላወቀም።

ጃጎዳ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ አንዲት ሴት አስቆመች። «ይቅርታ፣ ዛኹት ወዴት ነው?» አለች፣ ዜማ ጨምራበት። ዛኹት በአገሯ ቋንቋ የፀሐይ መጥለቂያ ነው።

ሴትዮዋ አክስት ቦዤናን በሐዘኔታ አየቻቸውና ቁልቁል ወደ ወንዙ ዳር ጠቆመች።

«ልክ ነው» አለ አባቷ። «ተማሪ ሆኜ ስመጣም በዚያ ነበር የምሄደው። ይህቺን ከተማ እንደ ቤቴ ነው የማውቃት።»

ጃጎዳን ግን ነገሩ ከነከናት። ኮረብታው ሽቅብ፣ ጥቆማው ቁልቁል። ወንዙ ዳር ሲደርሱ አንዱን አስተናጋጅ ጠየቀች። እሱም መጀመሪያ አክስቷን አየ፤ ከዚያ ትሪውን አስቀምጦ፣ ቶሎ በሉ ዓይነት እጁን አራገበ።

«ሊያመልጠን ነው!» ብለው አክስቷ ፍጥነት ጨመሩ።

ለምንድን ነው ሁሉም አክስቴን የሚያየው? ፀሐይዋ የምትጠልቀው ለእሳቸው ብቻ ነው እንዴ? ጃጎዳ መሞከር አማራት። «አባዬ፣ እስቲ አንተ ከፊት ሁን» አለችና አንድ ፖሊስ ጠየቀች።

ፖሊሱ የአባቷን ሆድ አየ። ትከሻውን መታ መታ አደረገና ራሱ እየመራ ወሰዳቸው።

«ምን ዓይነት ደግ ሕዝብ ነው!» አሉ አክስት ቦዤና እያለከለኩ። «ለፀሐይ መጥለቅ ፖሊስ ያቆማሉ!»

«ባህላቸው ነው፣ እትዬ» አለ አባቷ።

ፖሊሱ ከአንድ ደረጃ ሥር፣ ሰልፍ ያለበት ቦታ አደረሳቸውና ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ። ሰልፉ የሚያልቀው በር ላይ ነው። በሩ ላይ የወንድና የሴት ሥዕል አለ። ከሥዕሉ በላይ በትልልቁ «ዛኾት» ተብሎ ተጽፏል።

ጃጎዳ ደግማ አነበበችው። በቼክኛ ሽንት ቤት ማለት ነበር ለካ።

አባቷ ሥዕሉን አየ። አክስቷም አዩ። ከዚያ ሁለቱም ወንዙን መመልከት ጀመሩ።

«የሚያምር ሕንጻ ነው» አለ አባቷ።

«ታሪካዊ ይመስላል» አሉ አክስቷ።

ጃጎዳ ተነፈሰች። ዝም ካለች አለፈ ማለት ነው። ሁለቱም እንዳላዩ ሆነውላታል፤ የሚመጣው ዓመትም በእጇ ነው።

ይሄኔ የካሜራ መቆሚያ የተሸከመ ሰውዬ ሚስቱን አስከትሎ እየሮጠ ደረሰ። በጥሩ ፖላንድኛ፣ ትንሽ እያዜመ፣ «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ዛኹት እዚህ ነው?» አላት።

«አዎ፣ ልክ...» ብሎ አባቷ ጀመረ።

«አይደለም» አለች ጃጎዳ፣ ሳታዜም። «እዚህ ሽንት ቤት ነው። እነሱ እንደዚያ ነው የሚሉት። እኛንም ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቼክኛ አልችልም፤ ከሰላምታም አላለፍኩም።»

ወደ አባቷ አላየችም። ከበላያቸው የኮረብታው ጫፍ መቅላት ጀምሯል።

«እኔ ደግሞ» አለ አባቷ ጫማውን እያየ፣ «ያኔ የመጣሁት ባቡር ልቀይር ነው። ከጣቢያው አልወጣሁም።»

የሰውዬው ሚስት ሁሉንም አየቻቸውና «እንግዲህ ከመጣን አይቀር» ብላ ወደ ሰልፉ ተራመደች።

አክስት ቦዤና ቀደሟት። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ ለኮረብታው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ «ይቅርታ እመቤት» አሉ፤ «ቀድመን የመጣነው እኛ ነን።»