ገበያው እስኪለይለት

ማርያማዊትና ቦልቴ የተዋወቁት ከሻንቶ ወደ ሶዶ በሚመጣ ሚኒባስ ነው። ጎማ ፈንድቶ ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ፣ እሱ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፎ ቆመ። ሳቀችበት። እሱም ሳቀ፤ በዚያው ተዋደዱ።

ቦልቴ ሶዶ ቁጭ ብሎ ለአንድ የውጭ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ፕሮግራም ይጽፋል፤ አብዛኛውን ክፍያውን የሚያገኘው በኩባንያው አክሲዮን ነው። የአክሲዮኑ ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ የማርያማዊት አባት፣ የዝንጅብል ነጋዴው አቶ ሀብታሙ፣ «ልጄ» ይሉት ጀመር። ሽማግሌ እንዲልክም ፈቀዱ።

ከዚያ የአክሲዮን ገበያው ታመሰ። ዛሬ ይወድቃል፣ ነገ ያንሰራራል። ግማሹ ባለሙያ «አረፋ ነው፣ ይፈነዳል» ሲል፣ ግማሹ «ገና ያድጋል» ይላል።

«ሽማግሌው ይቆይ» አሉ አቶ ሀብታሙ አንድ ቀን ቁርስ ላይ። «መጀመሪያ ገበያው ይለይለት።»

«አባባ፣ ዝንጅብሉ በበሽታ ባለቀበት ዓመት እማዬ ጥላዎት ሄዳለች እንዴ?»

እናቷ ወይዘሮ ሳህሊቱ ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያሳመማት የቦልቴ ነገር ነው። ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ደጅ ሲጠብቃት አገኘችው፤ አባቷ ያሉትን ስትነግረው ዓይኗን ማየት አቃተው።

«አባትሽ እውነታቸውን ነው። እስኪረጋጋ እንጠብቅ። ነገ ባዶ እጄን ብቀርስ?»

«አንተም?» አለችው። «እኔ መቼ አክሲዮን አጨሁ?»

ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉ አጠገባቸው ያልፋሉ።

«ወዴት እንደሚሄድ ያላወቀው ገበያው ነው፤ እኔ አውቄያለሁ» አለችው። «ቅዳሜ ሽማግሌ ላክ። ካልላክህ ግን፣ ስጠብቅህ የማረጅ እንዳይመስልህ!»

ዓርብ ማታ አክሲዮኑ ክፉኛ ወደቀ። ማርያማዊት ቅዳሜ ጠዋት ወሬውን ከአባቷ ፊት ላይ አነበበችው። ሽማግሌዎቹ ግን መጡ፤ የቦልቴ አጎት አቶ ሻንቆ ከፊት ሆነው።

«ልጃችን ‹አክሲዮኑ መውደቁን ሳትደብቁ ንገሩልኝ፤ ይህን ሰምተው ከሰጡኝ ይስጡኝ› ብሎናል» አሉ።

«ነገስ ይነሣል?» አሉ አቶ ሀብታሙ።

«‹አላውቅም› ብሏል። የሚያውቅም የለም።»

ያኔ ማርያማዊት ማንም ሳይጠራት ከጓዳ ወጥታ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች። አንገቷን አልደፋችም።

«እኔም አላውቅም» አለች። «አገባዋለሁ።»

አቶ ሀብታሙ ሊቆጧት አፋቸውን ከፈቱና ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«እኔን ምን ያዩኛል?» አሉ ወይዘሮ ሳህሊቱ። «ግትርነቱን የወረሰችው ከእርስዎ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አባቷም፣ ላለመሳቅ ሲታገሉ ቆይተው፣ ተሸነፉ፤ «እንግዲህ ይሁን» አሉ።

ቦልቴ ከአጥሩ ማዶ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቅ ነበር። እየሮጠች ስትወጣ ሲያያት ወደ እሷ ተንደረደረ።

«ምን አሉ?»

«ሠርጉ ጥር ላይ ነው» አለችው፤ ሰፈሩ ሁሉ እያየም ጉንጩን ሳመችው።