ሙሚና ያሠራችው ሁለተኛ ቁልፍ

ሙሚና ሷሊሕን መጀመሪያ ያየችው ደረቱን በእጁ ሸፍኖ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ሲቆም ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም... ቁልፍ ጠፍቶብኝ ነበር» አላት።

የያዘችው ክር ከእጇ ወደቀ። የጣልያንን ካሚዮን የሚነዳው አዲሱ ሾፌር እሱ መሆኑን አውቃለች።

«ያ ረቢ! የካሚዮኑ?»

«ኧረ የሸሚዜ!» ብሎ እጁን አነሳ። ሸሚዙ እስከ እምብርቱ ተከፍቷል። «ምነው፣ ሰው የሞተ አስመሰልሽው?»

ሙሚና አልሳቀችም።

«ከአንተ በፊት የነበረውን ሾፌር የወሰዱት እኮ ቁልፍ ጠፍቶበት ነው። ለሽፍቶች ሸጠኸዋል አሉት። እናቱ ዛሬም መንገድ ዳር ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።»

ሷሊሕ ሳቁን ዋጠው። በዚያ ከተማ ለእሱ የፈራለት ሰው ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ጣልያን ሸዋ ሮቢት ላይ ሰፍሮ፣ የጣርማ በርን ተራራ እየፈለፈለ መንገድ የሚያወጣበት ዘመን ነው። ሷሊሕ ወደ ላይ ሲሚንቶ፣ ወደ ታች እህል ያመላልሳል። የሙሚና አባት ጋሽ አሊዪ ልብስ ሰፊ ናቸው። እናቷ ስለሞተች ቁልፍ የምትተክለውም፣ የልብሱን ጠርዝ የምትቀመቅመውም እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ የሷሊሕ ሸሚዝ በየጁምዓው አንድ ቁልፍ ይጎድለው ጀመር።

«ይሄ ሸሚዝ ቁልፍ ይበላል እንዴ?» አሉት ጋሽ አሊዪ አንድ ቀን።

«መንገዱ ነው፣ ጋሼ። ያንገላታል።»

«መንገዱ ጥርስ አለው? ክሩ ላይ የጥርስ ምልክት አይቻለሁ!»

ሙሚና ፊቷን አዞረች። ሷሊሕ እስከ ጆሮው ቀላ። ጋሽ አሊዪ ግን ቀልዳቸውን እዚያው ጨረሱ።

«ልጄን ከፈለግህ ሽማግሌ ላክ፤ ለሙሽራ የሚሰጠውን መህርም ከረመዷን በፊት አምጣ። የማጀቴው ኢብሮም ጠይቆኛል። ሚስቱ ሞታበት ነው፤ ከብት አለው። እኔ አርጅቻለሁ፤ በዚህ ዘመን ልጄን ያለ ሰው ጥዬ መሞት አልፈልግም።»

ሷሊሕ ሽማግሌ ላከ። የሚያገኘውን ጠገራ ብር ሁሉ አምጥቶ ሙሚና ዘንድ ያስቀምጥ ጀመር። መህሩ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ሙሚና ያልታሰበ ነገር ተናገረች።

«ሷሊሕ... ሌላ ቁልፍ እናሠራ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የካሚዮኑን። ጋሽ ወልደማርያም ቅርጹን በሰም አትማችሁ ካመጣችሁልኝ ከብረት ሞርጄ አወጣዋለሁ ብለዋል።»

ጋሽ ወልደማርያም ድሮ ጠመንጃ ይጠግኑ የነበሩ፣ አሁን በገበያው ዳር ማጭድ የሚያበጁ ቀጥቃጭ ናቸው።

«ስንት አሉ?»

ሙሚና መሬት መሬት አየች። «ያለንን ሁሉ። ከተያዝኩ አንገቴን ነው የምከፍለው፣ በርካሽ አልሠራም አሉ።»

«መህርሽን? ለቁራጭ ብረት?»

«ለብረት አይደለም። ለአንተ ነፍስ ነው።»

«ሙሚ... እይ፣ በክር አስሬ አንገቴ ላይ አድርጌዋለሁ። አይጠፋም።»

«ክር ይበጠሳል። የሰፊ ልጅ ነኝ፣ አውቃለሁ።»

«ሁለት ቁልፍ ይዤ ቢያገኙኝስ? ካሚዮን ልትሰርቅ ነው ብለው ይሰቅሉኛል።»

«አንዱንም ብታጣስ?»

ሷሊሕ የአንገቱን ክር ወደ ሸሚዙ ውስጥ መለሰው። «ከረመዷን በፊት አንቺን ላገባ ነው የምፈልገው። ሌላ ነገር አላውቅም። ሁለተኛ ቁልፍ አይሠራም!» አለ።

ሙሚና ሳምንቱን ሙሉ አሰበች። ብሩን ለቁልፍ ከከፈለች የኒካው፣ የጋብቻው ቀን ያልፋል፤ ኢብሮ ይመጣል። ካልከፈለች ደግሞ አንድ ቀን እሷም ከዚያች እናት አጠገብ መንገድ ዳር መቀመጧ ነው። በመጨረሻ፣ «ሌላ ሰው አግብቼም ቢሆን እሱ በሕይወት ይኑር» አለች ለራሷ።

በተከታዩ ጁምዓ ሷሊሕ ለስግደት ታጥቦ ውዱእ ሊያደርግ ወደ ጓሮ ሲገባ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሙሚና ክር የምታሽበትን ሰም አነሳች፤ ቁልፉን በሁለት በኩል አተመችው። በማግስቱም የኒካቸውን ብር ለጋሽ ወልደማርያም ቆጥራ ሰጠች።

ቁልፉ ተሠራ። ግን ለሷሊሕ አልነገረችውም። «ይቆጣል... ቆይ፣ መጪው ጁምዓ» እያለች ሦስት ጁምዓ አለፈ።

በረጀብ ወር፣ ሮቢ ወንዝ በሞላበት ሰሞን፣ ጋሽ ወልደማርያም ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሱቁ ገቡ።

«ልጄ፣ የፈራሽው ደረሰ! ወንዙ ሞልቶ ካሚዮኑ ከትናንት ጀምሮ መሻገሪያው ዳር ቆሟል። ዛሬ ሷሊሕ ከመሻገሪያው ድንጋይ ሊያነሳ ወንዙ ውስጥ ሲገባ የአንገቱ ክር ተበጥሶ ቁልፉን ጎርፍ ወሰደው። አለቃው እስከ ቀትር ካልተገኘ ለካራቢኔሪ ፖሊሶች አስረክብሃለሁ ብሎታል። የጣልያን ባንዶች ከበውታል!»

ሙሚና ቁልፉን ከደበቀችበት አውጥታ ሮጠች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ባንዶች መሻገሪያው ላይ ሴቱንም ወንዱንም ይፈትሻሉ። አዲስ የተሞረደ ቁልፍ እጇ ላይ ቢያገኙስ? ሁለቱም ማለቃቸው ነው፤ ቀጥቃጩን ብትልክም ይጠረጥሯቸዋል። ይልቅ «ትናንት ቁልፉን ሱቅ ረስቶት ሄዷል» ከተባለ፣ አለቃው ራሱ ከጠባቂ ጋር ይልከዋል። እዚህ በሰላም ትሰጠዋለች።

በዚያው ቅጽበት ጎረቤታቸው ሩቂያ ቅቤዋን ተሸክማ ወደ ወንዙ ስታልፍ አየቻት።

«ሩቂያ! ሷሊሕን መሻገሪያው ላይ ታገኚዋለሽ። ሰው ሁሉ እየሰማ ‹የመኪናው ቁልፍ እኛ ሱቅ አለ፣ መጥተህ ውሰድ› በይው። ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ!»

ለምን እንደሆነ አልነገረቻትም። ካወቀች ትደነግጣለች፣ ከደነገጠች ታስታውቃለች ብላ ፈራች።

ሩቂያ መንገዱን ሙሉ ቃሉን እያሰላሰለች ሄደች። ለእሷ መኪና ማለት የጋሽ አሊዪ የስፌት መኪና ነው። የጣልያኑን መኪና «ካሚዮን» ነው የምትለው። ቁልፍ ደግሞ ሸሚዝ ላይ የሚተከለው ነው። «የመኪና ቁልፍ» የሚባል ነገር አልገባት አለ፤ ስለዚህ ነገሩን በራሷ አቃናችው።

«ሷሊሕ!» አለች ከወንዙ ዳር ጮኻ። «ሙሚና ቁልፍህን በመኪና ሰፍቼለታለሁ፣ መጥቶ ይውሰድ ብላሃለች!»

ባንዶቹ በሳቅ ፈነዱ። «አይ ሾፌር! አንተ ልትሰቀል ነው፣ እጮኛህ ሸሚዝ ታዘጋጃለች! በሰርግ ልብስ ትሰቀላለህ!»

ሷሊሕ ግን አልሳቀም። ሁለተኛ ቁልፍ የለም ብሎ ያምናል፤ እሱ ነው አይሠራም ያለው። እነሱ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ወደ ጎርፉ ዘለለ።

ሙሚና መንገድ መንገድ እያየች ቀትር ሆነ። ከወንዙ በኩል ተኩስ ሰማች። ጥይቱ እንዳላገኘው፣ ወደ ቀወት በረሃ እንዳመለጠ ያወቀችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ረመዷን አንድ ወር ሲቀረው፣ ሻዕባን ሲገባ ጋሽ አሊዪ፣ «መህሩ የታለ?» አሏት።

«ለቁልፍ ከፈልኩት።»

«ይህን ሁሉ ብር? ለስንት ሺህ ሸሚዝ ነው?»

አልቅሳ ነገረቻቸው። ጋሽ አሊዪ ወደ ማጀቴ፣ ወደ ኢብሮ ሰው ላኩ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሩቂያ አገናኝታቸው፣ ቀወት፣ ማሽላ እርሻ ውስጥ ተያዩ። ከስቷል፤ ትከሻው ላይ ጠመንጃ አለ።

«ቁልፉን አሠርተሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ትቆጣለህ ብዬ ፈራሁ።»

«ባውቅ ኖሮ የሩቂያ ቃል ይገባኝ ነበር። ሱቅ ረስቼው ነው እላቸው ነበር፣ ሙሚ!»

«ሁሉንም ነገር ፈራሁ፣ ሷሊሕ... ዝም ማለቴን ብቻ አልፈራሁትም።»

«ነይ፣ አብረን እንሂድ።»

«አባቴን ይገድሉታል። ስለ አንተ ሦስት ጊዜ ጠይቀውታል።»

ማሽላው ተንሿሿ። ሷሊሕ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረ።

«እንግዲያው ኢብሮን አግቢ።»

«አንተ እንዲህ አትበለኝ!»

«እኔ ዛሬን ልደር አልደር አላውቅም። አትጠብቂኝ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

«አውፍ ብዬሃለሁ...» አለች። እሱ ሄደ። ሙሚና ረመዷን ሳይገባ ኢብሮን አገባች።

ጣልያን በወጣ በዓመቱ፣ ማጀቴ ገበያ ዳር፣ ሙሚና ልጇን አዝላ ከኢብሮ ጋር እህላቸውን የሚያደርስ መኪና ትጠብቅ ነበር። አንድ ካሚዮን ቆመ። ሾፌሩ አንድ እግሩን እየጎተተ ወረደ።

ሷሊሕ ነው።

እሷን አየ። ጀርባዋ ላይ ያለውን ልጅ አየ። ኢብሮን አየ። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?»

‹ሙሚ› ይላት ነበር እኮ።

«አልሐምዱ ሊላህ» አለች በግድ። «አንቱስ... ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱ ሊላህ።»

ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ ጫነላቸው። ዳግመኛ ቀና ብሎ አላያትም።

ካሚዮኑ ከሄደ በኋላ ኢብሮ፣ «ደግ ሰው ይመስላል። ታውቂዋለሽ?» አላት።

«አላውቃቸውም» አለች። በዚያ በቆላ ፀሐይ ልጇን፣ ብርድ እንደሚፈራለት ሰው፣ በኩታዋ አጥብቃ ሸፈነችው።