ያልደበዘዘው መስታወት

የዶክተር ኢንግሪድ ማሎይ ራስ ቅል ሦስት ቦታ ተፈልጧል። የጥርስ ሐኪሟ በኤልክ ፎርድ የውሃ ማጣሪያ ቤት፣ ጥርስ እንዳይበሰብስ ከውሃው የሚደባለቀው የፍሎራይድ አሲድ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ በግንባሯ ተደፍታለች። ጸጉሯ የተጣበቀበት የቧንቧ መፍቻ አጠገቧ ወድቋል። መርማሪዋ ቶራ ኤገን ግን ከሬሳው ቀና ስትል ዐይኗ መስኮቱ ላይ ቀረ። መስታወቱ ጥርት ከማለቱ የተነሣ ውጭ በረዶ የተጫነው ጥድ ቅርንጫፉ ይቆጠራል።

«ማን አገኛት?»

«እኔ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ» አለ የማጣሪያው ሠራተኛ ዌንደል ክሮግ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ። «በሩ አይቆለፍም። ገዳዩንማ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ባሬት ሉንድ ነው።»

«ፍሎራይዱ በየቀኑ ይለካል?»

«በሊትር ዜሮ ነጥብ ሰባት ሚሊግራም! ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሳልስት መዝግቤያለሁ።» መነጽሩን እንደገና ወለወለ።

«ጉም አስቸገረዎት?»

«ብርዱ ነዋ፣ ልጄ።»

ላም አርቢው ሉንድ ፍሎራይድ ከውሃችን ይውጣ እያለ ሁለት ዓመት ጮኋል። ከተማው በጉዳዩ ድምፅ የሚሰጠው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ትናንት መጠጥ ቤት ውስጥ ኢንግሪድን «አፍሽን እዘጋዋለሁ!» ሲላት ሃያ ሰው ሰምቷል። ቶራ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ እጁ በካቴና ታስሮ፣ የጣቶቹ አንጓ ተልጦ አገኘችው።

«እጅህን ምን ነካው?»

«ላሜ አልወልድ ብላ ጥጃውን በሰንሰለት ስጎትት አደርኩ። አብረን ተምረን ገዳይ ትይኛለሽ?»

«አፍህ እንደሆነ ያኔም ገዳይ ነበር።»

«ውሃችሁ ነው ገዳዩ! አራት ዓመት ሙሉ አጥንቴን ሲበላኝ!»

«ልጅህስ?»

ሉንድ ድምፁ ወረደ። «ኤሪክ አራት ጥርስ አስነቀለ። ስድስት ዓመቱ ነው። ትራሱ በደም ርሶ…»

ቶራ ወደ ኢንግሪድ ክሊኒክ ሄዳ የልጆቹን ካርዶች አገላበጠች። ከአራት ዓመት ወዲህ የተቦረቦረው ጥርስ እጥፍ ሆኗል። ወደ ማጣሪያው ተመልሳ የአሲዱን በርሜል ክዳን ፈታች።

ስድስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ቶራ ሉንድን ይዛ ገባችና በሰው ሁሉ ፊት ካቴናውን ፈታችለት።

«የፍሎራይዱ አሲድ እንፋሎት መስታወት ይበላል» አለች። «በሚሠራበት ክፍል መስኮቱ እንደ ወተት ይነጣል። የእናንተ ከአራት ዓመት በፊት ከተቀየረ ወዲህ ጥርት እንዳለ ነው። በርሜሉ እስከ ትናንት ድረስ ለዓመታት አልተከፈተም ማለት ነው። ባሬት፣ አጥንትህን የበላህ የሌለ ነገር ነው።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላ ግን አልተከተለውም።

«ኢንግሪድ ‹የቧንቧ ውሃ ሀብታም ድሃ አይልም፤ ሐኪም ቤት ደርሶ የማያውቀውንም ልጅ ጥርስ ይጠብቃል› ትል ነበር። ጥበቃው መቅረቱን ከልጆቻችሁ አፍ አነበበች። ትናንት ልትጠይቅ ማጣሪያው ሄደች።»

«ማንም ተከትሏት ሊገባ ይችላል» አለ ክሮግ።

«ገድሎ ሲያበቃ በርሜሉን የሚከፍተው ግን ማን ነው? ደሟን ከክዳኑ መጠምዘዣ ጥርስ ውስጥ አገኘሁት። አሲዱን ወደ ውሃው የሚገፋው ፓምፕም እየሠራ ነው። ባሬት ቢሆን አሲዱን መሬት ላይ ይደፋው ነበር እንጂ ወደ ውሃው አይልከውም። ዛሬ ውሃው ተለክቶ ፍሎራይድ ቢታጣ የሚጋለጠው የውሸት መዝገብ የጻፈው ብቻ ነው። እስቲ መነጽርዎን ይወልውሉት፣ ሚስተር ክሮግ።»

ክሮግ ወለወለው። ነጫጭ ነጥቦቹ አልለቀቁም።

«ጉም ቢሆን ሞቅ ያለ አዳራሽ ውስጥ ይጠፋ ነበር። ትናንት በርሜሉ ሲከፈት የተረጨ አሲድ ነው፤ መስታወቱን በልቶታል።»

ክሮግ እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ላይ የተኮማተረ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። «አሲዱ አንዴ አቃጥሎኝ ፈራሁት» አለ። «አንድ ሳምንት ልረፍ ብዬ… አራት ዓመት ሆነ። መዝገብህ ውሸት መሆኑን ለሕዝቡ እናገራለሁ አለችኝ። መፍቻው እጄ ላይ ነበር።»

«ልጄ ደም ሲተፋ አንተ ዜሮ ነጥብ ሰባት ትጽፋለህ?» ሉንድ ወንበሩን ዘልሎ የክሮግን ፊት ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ሁለት የፊት ጥርሶቹ በደም ተለውሰው ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ሁለት ፖሊሶች ናቸው ያላቀቋቸው።

ክሮግ ሲወሰድ የስብሰባው ሊቀ መንበር ጠየቀች፦ «ፍሎራይዱ ይቆይ የምትሉ?»

መጀመሪያ ከፍ ያለው እጅ የጣቶቹ አንጓ የተላጠ ነበር።